ብቻዋን ያልወጣችው ጀግና

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ስለነበሩ ጀግና ሴቶች ነው። ከሁሉ በላይ ስለ ነቢዪቱ ዲቦራ እናወራለን። ከእሷ ተነስተን ኢያዔልንና ዮዲትን፣ ከአገራችን ደግሞ እቴጌ ጣይቱንና ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን እናነሳለን። ከዚያም ወደዚሁ ወደ ሲዳማ ምድር ተመልሰን ስለ ፉራ እንነጋገራለን።

ሐዋሳ ኖሮ ታቦርን የማያውቅ ሰው የለም። ክፍለ ከተማ በስሙ ይጠራል። ተራራው ላይ የወጣ ሰው ሐይቁንም ከተማውንም ከላይ ሆኖ ያያል። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ደብረ ታቦር የሚለው ስም በየቤቱ ይነሳል፤ ክርስቶስ ለደቀ መዛሙርቱ ክብሩን የገለጠበት ተራራ ታቦር እንደሆነ ስንሰማ አድገናልና። ከዚያ ቀን ከ1,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ግን በዚያው በገሊላው ታቦር ላይ 10,000 እግረኛ ተሰልፎ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው የአንዲትን ሴት ቃል ነበር። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን በልጅነታችን በሰንበት ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። እኔ ግን በጥድፊያ ያለፍነው ይመስለኛል።

ታሪኩ የሚገኘው በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 4 እና 5 ነው። ምዕራፍ 4 በትረካ ይነግረናል፤ ምዕራፍ 5 ያንኑ ነገር በመዝሙር ይደግመዋል። የዕብራይስጥ ሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ብዙዎቹ ይህ መዝሙር በመላው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት እጅግ ጥንታውያን ግጥሞች አንዱ እንደሆነ ይናገራሉ። ዘመኑ እስራኤል ገና ንጉሥ ያልነበራት፣ ነገዶቹ በየተራራው ተበታትነው የሚኖሩበት ዘመን ነው። በአሶር የነገሠው የከነዓን ንጉሥ ኢያቢስ 20 ዓመት አስጨንቋቸዋል። አሶር ተራ ከተማ አልነበረችም። ከ1955 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ይጋኤል ያዲን የተባለው አርኪዮሎጂስት ቦታውን ሲቆፍር፣ 80 ሄክታር ገደማ የሚሸፍንና በ13ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ በእሳት የጠፋ ታላቅ ከተማ አግኝቷል። የንጉሡ የጦር አዛዥ ሲሣራ ይባላል፤ 900 የብረት ሰረገላ ነበረው። በዚያን ጊዜ የእስራኤል ተራራማ ነገዶች በእጃቸው የነበረው ከማረሻና ከማጭድ ብዙም አያልፍም። 900 ሰረገላ ለእነሱ ምን እንደሚመስል አስቡት።

መዝሙሩ ስለዚያ ዘመን የሚነግረን አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ሳነበው ልቤን ይነካዋል። ሰው በዋናው መንገድ መሄድ እንደተወ፣ መንገደኛው ሁሉ በጓሮ፣ በጠመዝማዛ መንገድ እየተደበቀ መሄድ እንደጀመረ ይናገራል። መንደሮቹም ባዶ ሆኑ። በአገራችን በተለያየ ጊዜ ይህን ያየ ሰው ብዙ ነው። መኪና የማይሄድበት መንገድ፣ ከመምሸቱ በፊት የሚዘጋ በር፣ ልጇን ውሃ ለመቅዳት መላክ የምትፈራ እናት ማለት ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ሰው ቁጥብ ይሆናል። ሴት ደግሞ ከሁሉ በላይ ቁጥብ ትሆናለች፤ ማንን እንደምታምን፣ ለማን በሯን እንደምትከፍት አስባ ነው የምትኖረው። ይህ ቁጥብነት ተፈጥሮዋ አይደለም። ፍርሃት ያለበት ዘመን ያስተማራት ነው።

በዚያ ሁሉ መካከል አንዲት ሴት በግልጽ ትቀመጣለች። ዲቦራ በራማና በቤቴል መካከል፣ በኤፍሬም ተራራማ አገር፣ ከዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ትፈርዳለች። ሰዎች መንገድ ጥለው በጓሮ በሚሄዱበት ዘመን የእሷ ቦታ የታወቀ ነው፤ ዛፉ እንኳ በስሟ ይጠራል። የተጣላ፣ ድንበር የተገፋበት፣ ከብት የተወሰደበት ሁሉ ወደ እሷ ይወጣል። የሲዳማ አድማጮቼ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበትን ሶንጎ ታውቃላችሁ። በዲቦራ ዛፍ ሥር ግን ፈራጇ ሴት ናት፤ መጽሐፉም ይህን እንደ እንግዳ ነገር አያነሳውም። የለፊዶት ሚስት፣ ነቢዪት፣ ፈራጅ ናት ብሎ ወደ ታሪኩ ይገባል።

እኔ የዲቦራ ድፍረት የጀመረው በጦርነቱ ቀን ነው ብዬ አላምንም። የጀመረው በዚያ ዛፍ ሥር፣ የሰው ችግር እየሰማች በዋለችባቸው ዓመታት ነው። የየመንደሩን ጉዳት በጆሮዋ ሰምታለች። ወደ ጦርነቱ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። በመዝሙሩም ራሷን እናት ብላ ትጠራለች። ንግሥት ወይም የጦር አለቃ አላለችም።

(አጭር የዋሽንት ሙዚቃ)

አሁን ወደ ባርቅ እንምጣ። ዲቦራ የአቢኒኤምን ልጅ ባርቅን ከቃዴስ ንፍታሌም አስጠርታ፣ ከንፍታሌምና ከዛብሎን ነገድ 10,000 ሰው ይዞ ወደ ታቦር ተራራ እንዲወጣ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ነገረችው። ባርቅም አንቺ አብረሽኝ ከሄድሽ እሄዳለሁ፤ ካልሄድሽ አልሄድም የሚል መልስ ሰጠ።

ይህ መልስ ለብዙ ዘመን ባርቅን ሲያስነቅፈው ኖሯል። በሴት ቀሚስ የተደበቀ ፈሪ ተብሎ በብዙ ስብከት ተነቅፏል። እኔ ግን በዚህ ሐሳብ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በእግረኛ ጦር 900 ሰረገላ ላይ ውጣ ተብሎ የታዘዘ ሰው፣ ትእዛዙን ያመጣችው ነቢዪት አብራው እንድትሆን ቢለምን ምን ያስነውረዋል? ሁለተኛ፣ የዕብራውያን መልእክት በምዕራፍ 11 የእምነት ጀግኖችን ሲቆጥር ባርቅን ከጌዴዎን፣ ከሶምሶን፣ ከዮፍታሔ፣ ከዳዊትና ከሳሙኤል ጋር በስሙ ይጠራዋል። የመልእክቱ ጸሐፊ በባርቅ ውስጥ ፍርሃት አላየም። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። ዲቦራ ወዲያው እሺ ትለዋለች፤ ነገር ግን ዋጋውንም አትደብቀውም። በዚህ ዘመቻ ክብሩ ላንተ አይሆንም፤ ሲሣራ በሴት እጅ ይወድቃል አለችው። ባርቅ ይህን ሰምቶ ተነሳና ሄደ። ድሉ በሌላ ሰው ስም እንደሚጻፍ እያወቀ ጦር ሜዳ የሚወርድ ሰው ስንት አለ? ዛሬስ ቢሆን በመሥሪያ ቤት፣ በማኅበር፣ በትዳር ውስጥ ምስጋናው ለሚስቱ ወይም ለባልደረባው እንደሚሄድ እያወቀ ጉልበቱን ሳይሰስት የሚሠራ ወንድ ስንት ነው?

ፍቅር የት አለ ብላችሁ የምትጠይቁ ትኖራላችሁ። ጥያቄው የቆየ ነው። አንዳንድ የጥንት የአይሁድ ተራኪዎች ባርቅና ለፊዶት አንድ ሰው ናቸው ብለው፣ ዲቦራና ባርቅን ባልና ሚስት አድርገው ተርከዋል። ለምን እንዳሉት ይገባኛል። እንዲህ ተማምነው ጎን ለጎን የቆሙ ወንድና ሴት ሲያዩ ልባቸው ፍቅርን ፈለገ። መጽሐፉ ራሱ ግን ይህን አይልም፤ እኔም አልጨምርበትም። ሁለቱ የተለዋወጡት ነገር ለእኔ በቂ ነው። እሱ አብረሽኝ ሂጂ አላት፤ እሷ አብሬህ እሄዳለሁ አለችው። ለዓመታት ብቻዋን ስትፈርድ ለኖረች ሴት አንድ ሰው ያለ አንቺ አይሆንልኝም ሲላት ምን እንደተሰማት መገመት አያቅትም። ለእኔ ፍቅር የሚባለው ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምናያቸውን ሴቶችም በዚሁ እመዝናቸዋለሁ። ማን አብሯት ሄደ? ማንስ ቀረ?

የገሊላው ታቦር ትልቅ ተራራ እንዳይመስላችሁ። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 600 ሜትር አይሞላም፤ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሐዋሳችን ትበልጠዋለች። ነገር ግን ከሜዳ መካከል ብቻውን ስለቆመ ከሩቅ ይታያል፤ ሰረገላም አይወጣውም። ዲቦራ ባርቅን ወደዚያ የላከችው ለዚህ ይመስላል። ሲሣራ ሰረገላውን ሁሉ አሰልፎ ወደ ቂሶን ወንዝ ወጣ። ዲቦራ ባርቅን ተነሣ፣ ቀኑ ዛሬ ነው አለችው። እግረኛው ከተራራው ወረደ። መዝሙሩ ሰማዩ ራሱ በሲሣራ ላይ እንደዘመተ፣ ቂሶንም ሠራዊቱን ጠርጎ እንደወሰደ ይናገራል። ከዚህ ተነስተው ብዙ ተንታኞች በዚያ ቀን ዶፍ ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ነበር ይላሉ። በክረምት ጭቃ ውስጥ የተቀረቀረ አይሱዙ ያየ ሰው 900 ሰረገላ ምን እንደደረሰበት ይገባዋል፤ ክብደቱ ራሱ ጠላት ይሆንበታል። ሲሣራም ከሰረገላው ወርዶ በእግሩ ሸሸ።

የሸሸው ወደ ኢያዔል ድንኳን ነው። ኢያዔል የቄናዊው የሔቤር ሚስት ናት። ሔቤር ከወገኖቹ ተለይቶ በቃዴስ አጠገብ ድንኳኑን የተከለ ሰው ነው። ከንጉሥ ኢያቢስ ጋርም ሰላም ነበረው። ስለዚህ ሲሣራ ወደ ወዳጅ ቤት የሸሸ መስሎታል። ኢያዔል ወጥታ ተቀበለችው፤ አትፍራ ብላ አስገባችው፤ በመጎናጸፊያ ሸፈነችው። ውሃ ለመናት፤ ወተት ሰጠችው። በር ላይ ቆመሽ ማንም የለም በይ አላት። ድካም ጥሎት እንቅልፍ ሲወስደው የድንኳን ካስማና መዶሻ ይዛ ቀስ ብላ ቀረበች፤ ካስማውንም በጆሮ ግንዱ ላይ መታችው።

አድማጮቼ፣ ይህን በቀላሉ ማለፍ የለብንም። እኛ እንግዳን የእግዚአብሔር እንግዳ የምንል ሕዝብ ነን። ወተት አጠጥቶ የተኛን ሰው መግደል በማንኛውም ብሔረሰባችን ሕግ ከባድ ነውር ነው፤ በጥንቱ የመካከለኛው ምሥራቅ ሕግም እንዲሁ ነበር። መዝሙሩ ኢያዔልን በድንኳን ከሚኖሩ ሴቶች ሁሉ በላይ ያመሰግናታል። እኔ ምስጋናውን አልቃወምም፤ ግን ዝም ብዬ በጭብጨባ አላልፈውም። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው ካስማው ነው። በዘላን ኑሮ ድንኳን መትከልና ማንሳት በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው። በእኛው አገር በአፋር ቤቱን የምትሠራው፣ አፍርሳ በግመል የምትጭነው፣ እንደገና የምትተክለው ሴቷ ናት። ኢያዔል ወታደር አልነበረችም፤ ሰይፍ የመያዝ ልምድ የላትም። ካስማና መዶሻ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ይዛ ኖራለች። በእጇ የነበረው ይኸው የቤት ዕቃ ነው።

ሁለተኛው በመዝሙሩ መጨረሻ ላይ ያለው ትዕይንት ነው። የሲሣራ እናት በመስኮት ሆና ልጇ ለምን እንደዘገየ ትጨነቃለች። ብልሆች ደንገጡሮቿ ያጽናኗታል፤ ምርኮ እየተካፈሉ ነው፣ ለእያንዳንዱ ወታደር አንዲት ሁለት ልጃገረድ ደርሶት ይሆናል የሚል ነገር ይነገራል። እናት፣ ሴት ሆና፣ ስለ ሌሎች ሴቶች ልጆች እንዲህ ብላ ትጽናናለች። የዘመኑ ጦርነት ለሴት ምን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። ኢያዔልም ይህን ታውቃለች። ባሏ በቦታው የለም። ድንኳኗ ውስጥ የተሸነፈ አዛዥ ተኝቷል፤ ከኋላው አሳዳጅ ጦር እየመጣ ነው። ቢነቃ ምን ያደርጋታል? አሳዳጆቹ ከእሱ ጋር ቢያገኟትስ ምን ይሏታል? ለባርቅ ዲቦራ ነበረችው። ለኢያዔል አብሬሽ እሄዳለሁ ያላት ማንም አልነበረም። ባሏ ከጨቋኙ ጋር ሰላም የፈጠረ ሰው ነው። ድርጊቷ እንዲህ የሚያስደነግጥ የሆነው በከፊል ብቻዋን ስለነበረች ይመስለኛል። ባርቅ ሲደርስ ወጥታ ና፣ የምትፈልገውን ሰው ላሳይህ አለችው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች፣ ባሏ ሲመለስ ምን እንዳላት መጽሐፉ አይነግረንም። ምድሪቱ ግን 40 ዓመት ዐረፈች ይላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሦስተኛዋ ሴት ዮዲት ናት። መጽሐፈ ዮዲት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ በካቶሊክ መጽሐፍ ቅዱስም ይገኛል፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በሚጠቀሙበት በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ ግን የለም። ሐዋሳ የሁሉም ከተማ ስለሆነች ይህን መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ሊቃውንት መጽሐፉን ከታሪክ መዝገብ ይልቅ እንደ ማስተማሪያ ትረካ ያዩታል፤ የባቢሎኑን ናቡከደነፆርን የአሦር ንጉሥ ብሎ መጀመሩ አንዱ ምልክት ነው።

ቁጥብ የምትባለዋ ሴት በትክክል እሷ ናት። ባሏ ምናሴ በገብስ አጨዳ ወቅት ፀሐይ መትቶት ሞተ። ከዚያ በኋላ ከ3 ዓመት በላይ በቤቷ ሰገነት ላይ ድንኳን ተክላ፣ ማቅ ለብሳ፣ እየጾመች ኖረች። ሀብት አላት፣ ውበት አላት፤ ለማንም አትታይም። ሆሎፎርኒስ የተባለው የጦር አለቃ ከተማዋን ቤጤልዋን ከቦ ምንጯን ሲይዝባት፣ ሰዉ በውሃ ጥም ሲወድቅ፣ ሽማግሌዎቹ በ5 ቀን ውስጥ እርዳታ ካልመጣ እጃችንን እንሰጣለን ብለው ሲወስኑ፣ ያቺ ከሰገነቷ የማትወርድ ሴት ሽማግሌዎቹን አስጠርታ ገሠጸቻቸው። ለእግዚአብሔር ቀጠሮ የምትሰጡ እናንተ ማን ናችሁ የሚል ነበር ተግሣጿ። ከዚያም የመበለት ልብሷን አውልቃ፣ ባሏ በሕይወት ሳለ ትለብሰው የነበረውን ልብስ ለብሳ ወጣች። ለባሏ የለበሰችውን ልብስ ለከተማዋ ለበሰችው።

ዮዲትም ብቻዋን አልሄደችም። አገልጋይዋ አብራት ነበረች፤ ስንቁን ይዛ ሄደች፣ ዮዲት የቆረጠችውን የሆሎፎርኒስን ራስም በዚያው የስንቅ ከረጢት ይዛ ተመለሰች። መጽሐፉ የዚህችን አገልጋይ ስም አይጠቅስም፤ ግን ዮዲት ከመሞቷ በፊት ነጻ እንዳወጣቻት ይናገራል። ብዙዎች ለጋብቻ ቢጠይቋትም ዮዲት እስከ 105 ዓመቷ ሌላ ባል ሳታገባ ኖረች። እንደገና ማግባት ነውር ስለሆነ አይደለም። ልቧ የት እንዳለ ታውቅ ነበር።

ስለ ምንጭና ስለ ከበባ ካነሳን እቴጌ ጣይቱን ሳናነሳ ማለፍ አይቻልም። በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር መቀሌ ላይ በእንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የጣልያኑን የማጆር ጋሊያኖን ጦር ያንበረከከው የመድፍ ጋጋታ ሳይሆን የውሃ ጥም ነው። ምንጩን የመያዙን ሐሳብ ያመጡት እቴጌይቱ እንደነበሩ የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በቤጤልዋ ውሃ የከለከለው ወራሪው ነበር፤ በመቀሌ የአገሬዋ ንግሥት ወራሪውን ውሃ ከለከለችው። ከዚያ በፊት በውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጽ ክርክር ላይ ከጣልያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት የተሟገቱት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የራሳቸውን ጦር ይዘው የተሰለፉት እሳቸው ናቸው።

ጣይቱና ምኒልክ በ1875 ዓ.ም. ሲጋቡ ሁለቱም ቀደም ሲል በትዳር ያለፉ ነበሩ። እቴጌይቱ በሰው በቀላሉ የማይታለሉ፣ ማንን ማመን እንዳለባቸው የሚመረምሩ ሴት ነበሩ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከዐድዋ በኋላ የሆነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሽታ ሲጥላቸው፣ መኳንንቱ ስለ ዙፋኑ ሲዶልቱ፣ የአልጋው አስታማሚ ሆነው የቆዩት ጣይቱ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲገለሉም የታመመ ባላቸውን ትተው አልሄዱም። በዚያ አልጋ አጠገብ ለመቀመጥ የጠየቀው ድፍረት በመቀሌ ከታየው ያነሰ አይመስለኝም።

ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ደግሞ የአፄ ዮሐንስ ዝርያ፣ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ ናቸው። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በሰላሌ ጣልያንን ሲዋጉ ቆይተው፣ በምሕረት ተስፋ እጃቸውን እንዲሰጡ ተደረገ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ከወንድማቸው ከአስፋወሰን ካሳ ጋር ተገደሉ። የገባላቸው ቃል ተበላ። ወይዘሮ ከበደች ልጆች ነበሯቸው፤ ሊደበቁ፣ ሊሰደዱ፣ ከአባታቸው ቤት ሊጠጉ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የባላቸውን አርበኞች ሰብስበው መሪ ሆነው ዘመቱ። ዲቦራ ባርቅ አብሯት ነበር፤ ከበደች አብሯቸው የሚሄደውን ሰው ካጡ በኋላ በእሱ ፋንታ ሄዱ። አርበኞቹም አንዲት ሐዘንተኛ ሴት አትመራንም አላሉም። ስለ እነዚያ አርበኞች ብዙ አልተጻፈም፤ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

አሁን ወደ ሲዳማ እንመለስ። ስለ ንግሥት ፉራ የሚተረከው ከአያት ወደ ልጅ ልጅ በቃል የወረደ ነው፤ እንደየቀበሌው መልኩ ይለያያል። ዋናው ግን ይህ ነው። ፉራ ሲዳማን የገዛች ብርቱ ሴት ናት፤ ሰባት ዓመት ነገሠች ይባላል። ሴቶች ለወንዶች አንገታቸውን እንዳይደፉ፣ ምሥጢራቸውን እንዳያወጡ መከረች። ወንዶቹን ግን የማይቻል ሥራ እያዘዘች አስጨነቀቻቸው። እነሱም ደብቀው ያቆዩትን አንድ ብልህ ሽማግሌ እያማከሩ ከትእዛዟ አመለጡ። በመጨረሻ የምትጋልበው ፈጣን እንስሳ አምጡልኝ ስትል ያልተገራ የዱር አውሬ አምጥተው በላዩ አሰሯት። አውሬው ይዟት በረረ፤ አካሏም በየቦታው ወደቀ። እስከ ዛሬ እዚህ ይህ የአካሏ ክፍል ወደቀ፣ እዚያ ያ ወደቀ እየተባለ የሚጠሩ ቦታዎች አሉ።

ይህን ተረት ለልጃገረዶች ማስፈራሪያ አድርገው የሚነግሩ ሰዎች አሉ፤ ሥልጣን የያዘች ሴት መጨረሻዋ ይኸው ነው ለማለት። እኔ እንደዚያ አልሰማውም። ፉራ ከዲቦራ ያነሰች ጎበዝ አልነበረችም። በተረቱ ውስጥ ግን የታቦርን ያህል የምትወጣበት ተራራ እንኳ ቢኖራት አብሯት የሚወጣ ባርቅ የለም። እሷም ወንዶቹን አታምንም፤ እነሱም አያምኗትም። የሽማግሌው ብልሃት እንኳ ለእሷ ምክር ከመሆን ይልቅ እሷን ለማምለጫ ዋለ። ያ ሽማግሌ በፊቷ ቆሞ ልጄ፣ እዚህ ጋ አጥፍተሻል ሊላት ቢችል፣ እሷም ብትሰማው፣ ተረቱ ሌላ ይሆን ነበር። ጥፋቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ ሰውነቷ የተበታተነው ግን የእሷ ብቻ ነው። ዛሬ በስሟ የሚጠራ ኮሌጅ መኖሩ ሕዝቡ በአውሬ ጀርባ ላይ ትቷት እንዳልቀረ ያሳያል።

ሲዳማ ደግሞ ለሴት ብቸኝነት የራሱ መልስ አለው። ያካ ይባላል። ሚስት በደል ሲደርስባት፣ በተለይ ክብሯ ሲነካ፣ የአካባቢው ሴቶች ሥራቸውን ትተው ይነሳሉ። ሲቆ የተባለውን በትራቸውን ይዘው፣ ቃሪቴ በምትባል መሪያቸው ፊት ፊት እየተመሩ፣ እየዘመሩ ወደ በዳዩ ደጅ ይሄዳሉ። ሰውዬው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ እስኪጠይቅ፣ ካሳውንም እስኪከፍል ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲቆ በያዘች ሴት ፊት መንገድ መዝጋት ነውር ነው። ማንም ሴት ካስማና መዶሻ ይዛ በጨለማ ብቻዋን እንዳትቀር ያደረገ ሥርዓት ነው። ኢያዔል በሲዳማ ብትኖር ኖሮ ስንት ሴት በድንኳኗ ደጅ በተሰለፈ ነበር እያልኩ አስባለሁ። እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ በያካ የወጡበትን ቀን የሚያስታውሱ ከሆነ ጠይቋቸው፤ ለልጆቻችሁም አስነግሯቸው። በጽሑፍ የተያዘው ከሚገባው በታች ነውና።

ዛሬ ማታ ጊዜ ካላችሁ መጽሐፈ መሳፍንትን ገልጣችሁ ምዕራፍ 5ን አስቀድሙ፣ ምዕራፍ 4ን አስከትሉ። መዝሙሩን ከትረካው በፊት የሚያነብ ሰው ዘመኑን በስሜት ይቀርበዋል። በመዝሙሩ ውስጥ ለዘመቻው የመጡትንና የቀሩትን ነገዶች ለይታችሁ ተከታተሉ። ዛብሎንና ንፍታሌም ነፍሳቸውን ለሞት ሰጡ፤ ሮቤል በመንጋዎቹ መካከል ተቀምጦ አሰላሰለ፤ አሴር በባሕር ዳር ቀረ። ዲቦራ እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ ስትጠራ ማን አብሯት እንደሄደ፣ ማን እንደቀረ ለይታ ታውቅ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን 400 የታጠቁ ሰዎችን አስከትሎ በቁጣ ይመጣ በነበረው በዳዊት ፊት እንጀራና ወይን ጭና ስለወጣችው ስለ አቢግያ እንነጋገራለን። እስከዚያው ስለ ፉራም ሆነ ስለ ያካ በቤታችሁ የሚነገረውን ጻፉልን። ሰላም ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)